ለሕፃናት የሚነበብ መጽሐፍ ስለ መምረጥ

በአንበሳሜ ለመምህርነት የሚሠለጥን አንድ ወጣት ለሕፃናት ተረት ሲያነብ ከኋላ ተቀምጠን ሰማን። ተረቱም ቀን ሸክላ ስትሠራ ውላ ሌሊት ጅብ ሆና ስለምትወጣ ሴት የሚናገር ነበረ። ልጆቹ ሳቁ፤ ወዲያውም ሁሉ ዘወር ብለው አንዲትን ልጅ ተመለከቱ፤ እናቷ ሸክላ ሠርታ ገበያ የምታወጣ ናትና። ልጅቱም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወጣቱ ክፋት አላሰበም፤ መጽሐፉን የመረጠው ሥዕሉ ስላማረው መሆኑን በኋላ አጫወተን።

ስለዚህ ነገር በዚህ የቤተሰብ ገጽ ጥቂት ለማሳሰብ ወደድን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበረ። ተረት ግን ያንኑ ስድብ በጣፋጭ ቃል ጠቅልሎ ለሕፃን ያጎርሰዋል፤ ሕፃንም የጎረሰውን አይተፋም።

እንግዲህ መምህር ለመሆን የሚዘጋጁ ወጣቶች ከሥዕሉ ማማር አስቀድመው በመጽሐፉ ውስጥ ክፉው ማን እንደ ሆነ፣ የሚሳቅበትም የማን ልጅ እንደ ሆነ ይመርምሩ። ከወረታ እስከ ጣና ዳር በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ የሩዝ ገበሬው፣ የሙስሊሙ ነጋዴ፣ የሸማኔው፣ የደንገል ታንኳ የሚሠራውም የወይጦ ልጅ በአንድ ወንበር ሊቀመጡ ይችላሉ። ሁሉም በአንድ መጽሐፍ ይታጨቁ ማለታችን አይደለም፤ በዓመቱ ከሚነበበው መካከል ለያንዳንዱ በክብር የሚነሣበት ቀን ይኑረው ማለታችን ነው። ደግሞ ሴት ልጅ ውሃ ከመቅዳት በቀር ሌላ ሥራ የሌላት እንዳትመስል ያስተውሉ። እኛን ዳዊት ያስደገሙን የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበረ፤ በተረት መጽሐፍ ግን ዓይነ ስውር ሁልጊዜ ለማኝ ሆኖ ስናገኘው እንደነቃለን።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከወዴት ይገኛል የሚሉን አሉ። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋራ ባዘጋጀችውና በፈረንጅ አቆጣጠር በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ የወገኖቿን ተረትና ዘፈን አስገብታለች። እርሷም የተዘጋጀ መጽሐፍ አልጠበቀችም።

ወጣቱም ይህን ካጫወትነው በኋላ ወደ ልጅቱ እናት ሄደ። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ፣ ጀበናውና ምጣዱ እንዴት እንደሚተኮስ ጠይቆ በደብተሩ ጻፈ። በሳምንቱ ለልጆቹ ሲያነብ አንድ ነገር ተሳስቶ ነበርና ልጅቱ ብድግ ብላ አረመችው።