ከጮቄ ግርጌ የተነሣ ቃል

መሬትን በትእዛዝ ብቻ ማልማት ይቻላል የተባለበት ዘመን አልቋል። ችግኝ በዘመቻ ተተክሎ በበጋ ከብት የሚበላበት፣ እርከን በሪፖርት ተቆጥሮ በክረምት የሚናድበት ዘመን አልቋል። እሱን ስንወቅስ አንውልም፤ ጉዳያችን ከእንግዲህ የሚሠራው ነው። እኛ በጎጃም በአማኑኤል ከተማና በዙሪያዋ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ የምንኖር፣ የሚከተለውን እናምናለን፤ ያመንነውንም እናደርጋለን።

መሬት አደራ ነው። አባቶቻችን ርስትን መብት አድርገው አወረሱን፤ እኛ ግዴታም እናደርገዋለን። የይዞታ ደብተር የማሳን ስፋት ይመዘግባል፤ የአፈሩን ጥልቀት የሚመዘግበው ግን ክረምት ነው። የእኛ ትውልድ የሚመዘነው ለልጁ ባቆየው ጥልቀት ነው።

ውኃ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስራል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ገበሬው አዝመራው ውኃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ ዘመም አድርጎ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ የእሱን ማሳ ያድናል፤ ውኃውን ግን ከታች ባለው ጎረቤት ላይ ይለቀዋል። ውሎ አድሮ ቦይ፣ ከዚያም ቦረቦር ይሆናል። ስንት ወንድማማች በአንድ ፈሰስ ተካስሷል! ከእንግዲህ ፈሰስ የሚወጣው የላይኛውና የታችኛው ባለማሳ አብረው ቆመው፣ በመውረጃው ተስማምተው፣ ሣር ተክለውበት ነው።

ደንብ ከጉባኤ ይወለዳል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን የወል ሣር ምድር ለ400 ዓመት ግድም ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቋል፤ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ በተስማማበት ጊዜ ከፍቶ፣ ለጣሪያውና ለገመዱ አጭዷል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ ሕዝቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ እዚያ አሉ። እኛም የወል ግጦሻችን የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን በራሳችን ጉባኤ እንቆርጣለን፤ ቅጣቱንም እኛው እንጽፋለን።

ደን ሲከበር ይኖራል። ጎጃምን ከአውሮፕላን ያየ ሰው በማሳዎች መካከል ክብ አረንጓዴ ነጥቦች ያያል፤ ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ናቸው። ወይራውና ጽዱ እዚያ የቀሩት ዘበኛ ስለበዛላቸው አይደለም፤ ምሳር ያነሣ እጅ ስለሚያፍር ነው። ያንን ሐፍረት ከቅጽሩ አውጥተን እስከ ጨሞጋና እስከ ጠምጫ ወንዞች ዳር እናደርሰዋለን። ባሕር ዛፍም ቦታ አለው፤ ቦታው ግን የምንጭ ራስ አይደለም።

ጤና ከምንጭ ይጀምራል። ጀሪካን ያዘለች ልጅ የምትሄደው መንገድ የኑሯችን መለኪያ ነው። ምንጩ ሲቀርብ ትምህርት ቤቷ ይቀርባል፤ ከብቱ ታስሮ ሲቀለብ እረኛው ደብተር ይይዛል። ለዚህ ሥራ ጉልበቱ አለን፤ ሰው ለመቅበር የማይሰንፍ ዕድር ቦረቦር ለመድፈንም አይሰንፍም። ወንፈላችንም ከአጨዳ አልፎ ለእርከን ይወጣል።

አገር ከራስጌው ይጠበቃል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ውኃውን ለዓባይ ይልካል፤ ዓባይ የሕዳሴውን ግድብ ሞልቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ሜዲትራኒያን ይገባል። ባሕር አይተን የማናውቅ ደገኞች የባሕር ባለአደራዎች ነን። ከማሳችን የታጠበ አፈር መጨረሻው የግድቡ ወለል ነው፤ ማሳችን ላይ የያዝነው አፈር ግን እንጀራም መብራትም ይሆናል።

ቃላችን ይህ ነው። ፊርማ አንሰበስብም፤ ሰልፍ አንጠራም። ይህን የምታነቡ ባለማሳዎች፣ ክረምት ሳይገባ ከበታቻችሁ ያለውን ጎረቤት ጥሩ፤ ፈሰሳችሁ የት እንደሚወድቅ አብራችሁ እዩ።