ከተከሳሽነት ስጋት ወደ ዳኝነት ወንበር

በቴክሳሷ ሂዩስተን ከተማ እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የተቃራኒ ጾታ ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣት ያስቀጣ ነበር። ፊሊስ ፍራይ በ1976 ሴት ሆነው መኖር ሲጀምሩ ከቤት በወጡ ቁጥር የመታሰር ስጋት አብሯቸው ነበር። የቀድሞ የጦር መኮንንና ሲቪል መሐንዲስ ቢሆኑም የሚቀጥራቸው ጠፋ። ስለዚህ ሕግ ተማሩ። የከተማዋን ምክር ቤት አባላት ደጅ እየጠኑም ደንቡን አሻሩት።

በኖቬምበር 2010 ከንቲባ አኒስ ፓርከር የከተማዋ ፍርድ ቤት ተባባሪ ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። ትራንስጀንደር መሆናቸውን ሳይሸሽጉ በአሜሪካ ለዳኝነት ከተሾሙት የመጀመሪያዋ ናቸው። ቃለ መሐላ የፈጸሙትም ያ ደንብ በተሻረበት በዚያው የምክር ቤት አዳራሽ ነው። በዚያው ወር በካሊፎርኒያ እንዲሁ ትራንስጀንደር የሆኑት ቪክቶሪያ ኮላኮውስኪ በሕዝብ ድምፅ ዳኛ ሆነው ተመረጡ።

ይህ ለሐረር አንባቢ ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ግን ጥንታዊቷ የሐረር ከተማ ጁገል በአምስቱ በሮቿ ሐረሪውን፣ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ አርጎባውንና አማራውን አገናኝታ ኖራለች፤ ከዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት ያገኘችውም በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለች ከተማ ችሎት ላይ ማን ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ልትፈራው አይገባም።

በአገራችን መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆኑት ገና በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቀድመውም በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝተዋል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርንም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነው አቋቁመዋል። የፍራይና የመዓዛ መንገድ አንድ አይደለም። ሁለቱም ግን የተመዘኑት በሕግ ዕውቀታቸው ነው፤ የሐረር ፍርድ ቤቶችም ዕጩ ዳኞቻቸውን በዚሁ ሚዛን ይመዝኑ።