ቺፕስ እየሸጡ ስለ ጎመን መስበክ

የሰልፍ ሰዓት ነው። ባንዲራ ተሰቅሏል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሚኒሚዲያው ማይክ ፊት ቆማ «አትክልትና ፍራፍሬ ለጤናችን!» የሚል ጽሑፍ ታነባለች። ጽሑፉን ያዘጋጀው የክበቡ ተጠሪ መምህር ነው። ሰልፈኛው ያዛጋል። የእረፍት ደወል ሲደወል ያቺው አንባቢያችን ከጓደኞቿ ጋር ወደ ግቢው ሱቅ ትሮጣለች። እዚያ ምን አለ? ቺፕስ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ። ሙዝ? የለም። ውኃ? ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል።

እስቲ ፍረዱ፤ ጥፋተኛዋ ልጅቷ ናት?

እኛ አይደለችም ባዮች ነን። ትልልቆቻችን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ማለት ይወዳሉ። የአገራችን ተማሪ ግን ምክር አንሶት አያውቅም። ያነሰው ሌላ ነገር ነው።

«አቻ ለአቻ» የሚለውን ነገር የለመድነው ከፀረ ኤድስ ክበብ ነው። በ1990ዎቹ (በእኛው አቆጣጠር) ተማሪ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቲሸርቱ፣ ድራማው፣ ግጥሙ። ከመሀላችን ሁለቱ አባል ነበሩ። የመረጣቸው መምህሩ ነው፤ አንዱን የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር፣ ሌላዋን ረባሽ ስላልሆነች። መድረክ ላይ ያሉትን የሚያስታውስ የክፍል ጓደኛ እስከ ዛሬ አልገጠመንም። የምናስታውሰው ከትምህርት ቤት ወደ ሰፈር በእግር ስንመለስ ያወራነውን ነው። አፍረን ያልጠየቅነውን ሁሉ የጠየቅነው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ይሄ የእኛ ትዝታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.አ.አ. በ2008 ያወጣው አንድ ጥናት አለ። ቦታው እንግሊዝና ዌልስ፣ ትምህርት ቤቶቹ 59፣ ተማሪዎቹ ከ10 ሺህ በላይ፣ ዕድሜያቸው 12 እና 13፣ ጉዳዩ ሲጋራ። ተማሪዎቹ ራሳቸው «እኛ የምንሰማው እነ እገሌን ነው» ብለው መረጡ። የተመረጡት ከግቢ ውጪ ሠለጠኑ። ከዚያ በኋላ መድረክ የለ፣ መፈክር የለ፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ በወሬ መሀል ጉዳዩን ማንሳት ብቻ። በሁለት ዓመት ክትትል የሚያጨሰው ተማሪ ይህ ካልተደረገባቸው ትምህርት ቤቶች ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። ይኸው ዘዴ እዚያው እንግሊዝ የ13 እና የ14 ዓመት ሴት ተማሪዎችን ወደ አካል እንቅስቃሴ ለማምጣት በ20 ትምህርት ቤቶች ተሞከረ። ውጤቱ እ.አ.አ. በ2021 ወጣ፤ ልዩነት የለም! ተመራማሪዎቹ የራሳቸው ማብራሪያ ይኖራቸዋል። ለእኛ የሚታየን ግን ይሄ ነው፤ ሲጋራን እምቢ ለማለት ሜዳ አያስፈልግም። ለመሮጥ ግን ያስፈልጋል። ጓደኛ ጓደኛውን ማሳመን ይችላል፤ ሜዳ መፍጠር ግን አይችልም።

የእኛን ከተማ ተመልከቱ። በመኖሪያ ቪላ ውስጥ የተከፈተ የግል ትምህርት ቤት ስንት ነው? ተማሪው የሚሮጠው መኪና በሚቆምበት ቦታ ነው፤ መኪናው ከሌለ። ሜዳ ያለው ደግሞ አንድ ኳስ ይጥልና ወንዶቹ ይራወጣሉ፣ ሴቶቹ ጃኬት ይዘው ግድግዳ ይደገፋሉ። ፈተና ሲቃረብ የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ይወስደዋል። ሒሳብን ስፖርት ሲወስደው ያየ ካለ ይንገረን! የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ የሚመክረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው። እ.አ.አ. በ2019 በወጣ የ146 አገሮች ጥናት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ከመቶ 81ዱ ይህን አያሟሉም። የአበበ ቢቂላ አገር ነን እያልን ደረት መንፋት ብቻውን የማንንም ልጅ ልብ አያጠነክርም።

«ልጁ ቁርስ ሳይበላ እየመጣ እናንተ ስለ ውፍረት ታወራላችሁ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ባዶ ሆዱን የመጣው ልጅና ቺፕስ የሚገዛው ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነው። ረሃቡን የሚያታልለው በሱቁ ባገኘው ነገር ነው። በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ያንኑ ብር ይዞ ሲሄድ ንፍሮ፣ ቆሎ ወይም ሙዝ ቢያገኝ ኖሮ ስለ ጤና አንድ ቃል ሳይሰማ የተሻለ ይበላ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የጥጋበኞች ወሬ አይደለም።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አቻ መካሪዎችን ተማሪው ራሱ በሚስጥር ድምፅ ይምረጥ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ረባሽ ከተመረጠም ይሠልጥን፤ የሚሰማው እሱ ነውና። ሁለተኛ፣ እነዚህ ልጆች የግቢው ሱቅ ሲከራይ ምን እንደሚሸጥ፣ ምገባ ባለበትም ምን እንደሚቀርብ ድምፅ ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ አይነካ፤ ሴቶቹም የራሳቸው ኳስና የሜዳው ግማሽ ይሰጣቸው። ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ በአቅራቢያው ካለው ጋር ይነጋገር።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ ይሄ ሁሉ ከበዳችሁ? እንግዲያው ቢያንስ ያቺን ልጅ ከማይኩ አውርዷት። ራሳችሁ በምታከራዩት ሱቅ ምክንያት ጓደኞቿ ፊት ውሸታም አታድርጓት።