ጨዋታው የሚጀመረው ከላይ ነው ለምትሉ

በኢንተርኔት የሚጫወቱ ሰዎች ለአዲስ መጤ ሁሉ እንደ ምርቃት የሚያቀብሏት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። «ዋናው ጨዋታ የሚጀመረው ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው» ትላለች። ታች ያለው ሁሉ መንገድ ነው፤ መንገድ ደግሞ ጊዜ ማባከኛ ነው፤ ገንዘብ ያለው ቢዘልለው ብልህ ነው ለማለት ነው። እኔ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሐሰት ናት እላለሁ። ቅኔና ልብ ወለድ ለሚወድ አንባቢ ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ መሟገትን ምን አመጣው የሚል አይጠፋም፤ ጥቂት ቢታገሠኝ ነገሩ ከንባብ የራቀ እንዳልሆነ ያየዋል።

ምሳሌዬ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ለገበያ ያቀረበው፣ ብዙ ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚመላለስበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ጦረኛ ወይም አስማተኛ ወይም ካህን ያደርገዋል፤ ከ1ኛ ደረጃ ተነሥቶ ተልእኮ እየፈጸመ ይወጣል። መጀመሪያ ጣሪያው 60ኛ ደረጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 70፣ በ2008 ወደ 80 ከፍ አለ፤ እንዲህ እያለ በ2018 120 ደረሰ። ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደረብ፣ ከታች በር የሚገባው እንግዳ ከላይ ከሚጠብቁት ወዳጆቹ ይበልጥ እየራቀ ሄደ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ፣ ጣሪያው ገና 90 ሳለ፣ መላ ያለውን አመጣ፦ 60 ዶላር የከፈለ ሰው ገጸ ባሕርዩ በአንድ ጊዜ 90ኛ ደረጃ ላይ ይቆምለታል። ቡስት ይሉታል። ዋጋው ከፍ ያለው የወጡትን ሰዎች ድካም ላለማርከስ ነው የሚል ማብራሪያም ተሰጥቶበት ነበር። እኔ ውዬ የማመሸው ከገንዘብ ጋር ነውና ይህ ማብራሪያ ፈገግ ያሰኘኛል፤ ድካምን በዋጋ ተምነው እየሸጡ አላረከስነውም ማለት እንደምን ይቻላል?

ደግሞስ ገዢው የሚያገኘው ምንድን ነው? ገና ሲገባ የመስኮቱ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር በድግምት ቁልፎች ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ስማቸውን አያውቅም፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አያውቅም። ካርታው የማያውቃቸውን አገሮች ይዘረዝርለታል፤ ከረጢቱ መጠቀሚያቸው ያልታወቀ ዕቃዎችን ይዟል። ከአራት የማያውቃቸው ሰዎች ጋር ወደ አንድ ዋሻ ይገባል፤ አራቱ ሳያዩት ሮጠው ያልፋሉ፤ እርሱ ያገኘውን ቁልፍ ይጫናል፤ ያልተፈለገ አውሬ ይቀሰቅሳል፤ ሁሉም ይሞታሉ። ከዚያ አንዱ «ኑብ» ብሎ ይጽፍለታል፤ ወዲያው በድምፅ ብልጫ ከቡድኑ ይወጣል። ሰውየው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሲያበቃ «ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ይላል። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። በሥራው ሰው የሚያስተዳድር፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ መጻሕፍት የሚያነብ ጎልማሳ ያላስተማሩትን ፈተና ስላስቀመጡት ብቻ ራሱን ደንቆሮ አድርጎ ሲቆጥር ዝም ማለት አይገባም።

ታች ያለው ምን ነበር? የሰው ልጆች ወገን ሆኖ የሚጀምር ሰው ኖርዝሻየር በሚባል ጸጥ ያለ ሸለቆ ውስጥ ይነሣል። አስማተኛ ከሆነ በእጁ ያለችው አንዲት የእሳት ኳስ ናት። ተኩላ እንዲገድል ይላካል። ተኩላው ከመድረሱ በፊት ስንት ጊዜ መተኮስ እንደሚችል፣ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን፣ ሁለት ተኩላ አንድ ላይ ቢመጣ ማን እንደሚሞት በራሱ ላይ ያየዋል። በቀድሞው ጨዋታ በየሁለት ደረጃው ወደ መምህሩ ተመልሶ በመዳብ ሳንቲም ከፍሎ አዲስ ድግምት ይማር ነበር። ሳንቲሙ ስለማይበቃ ይመርጣል፤ ለመምረጥ ደግሞ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ስለመጡ ጣቶቹ አንድ በአንድ ያውቋቸዋል።

ከዚያ ሆገር ይመጣል። በኤልዊን ደን ጫፍ የሚኖር፣ የጅብ መልክ ያለው የወንበዴ አለቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ብቻውን ያሸነፈ አዲስ ተጫዋች ልቡ ሞልቶ ይሄድበታል፤ ሆገርም ይዘርረዋል። ይነሣል፤ ደግሞ ይሄዳል፤ ደግሞ ይዘረራል። በመጨረሻ በአጠገቡ የሚያልፍ አንድ የማያውቀውን ሰው «ወንድም፣ አንድ ጊዜ ብታግዘኝ?» ይላል። የዚህ ጨዋታ ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ የተማረውም ሰው ለወሬ ሲነሣ ሆገርን እንደ ድሮ ጓደኛ ያነሣዋል። ቡስት የገዛው ሰው ግን ሆገርን አያውቀውም። ስለዚህ ርዳታ መጠየቅን የሚማረው በሚሰድቡት ሰዎች መካከል ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ቀጥሎ ባለው ነው። ከደኑ ምዕራብ ዌስትፎል የሚባል የደረቀ የእርሻ አገር አለ። በዚያ ቀይ ጨርቅ ፊታቸው ላይ ያሰሩ ሽፍቶች፣ ዲፋያስ የተባሉ፣ ገበሬውን ያስጨንቃሉ። ተጫዋቹ ሽፍቶቹን እየገደለ ወደ አለቃቸው ወደ ኤድዊን ቫንክሊፍ ይጠጋል። በመካከሉ ታሪኩ ቀስ በቀስ ይገለጥለታል፦ እነዚህ ሽፍቶች ግንበኞች ነበሩ። በጦርነት የፈረሰችውን ዋና ከተማ ስቶርምዊንድን መልሰው የገነቡት እነርሱ ናቸው፤ መኳንንቱ የሠሩበትን ደመወዝ ከለከሏቸው፤ ሸፈቱ። ከዋሻው መጨረሻ ቫንክሊፍን ያሸነፈ ሰው ከኪሱ አንድ ያልተላከ ደብዳቤ ያገኛል፤ ለከተማው መሐንዲስ የተጻፈ። ያን ደብዳቤ ይዞ ወደ ስቶርምዊንድ ሲመለስ ነጫጭ ግንቦቹን እንደ ትናንቱ አያያቸውም። የግንቦቹን ዕዳ ያውቃላ! ዘልሎ የገባው ግን ያንኑ ከተማ ገበያና ባንክ ያለበት ሥፍራ አድርጎ ብቻ ይመላለስበታል። ልብ ወለድን ከመጨረሻው ምዕራፍ የጀመረ ሰው ማን እንደሞተ ያውቃል፤ ለምን ማልቀስ እንዳለበት ግን አያውቅም።

የተቃዋሚዎቼን ክርክር አልሸሽም። ሠራተኛ ሰው ጊዜ የለውም ይላሉ፤ እውነት ነው። ወዳጆቹ ከላይ ናቸው ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው፤ ከወዳጅ ጋር ለመሆን መፈለግም ነውር የለበትም። ነገር ግን ወዳጅ ከሆኑ እነርሱ ይውረዱ! አዲስ ገጸ ባሕርይ ከፍቶ ከጓደኛ ጋር ከ1ኛ ደረጃ መነሣት ምንም ዕውቀት አይቀንስባቸውም። ታች ያለው አሰልቺ ነው የሚሉትን ግን አላምናቸውም፤ እነርሱ የሰለቹት አንዴ ስላለፉበት ነው። በቅኔ ቤት መወድስ የሚዘርፍ ሰው ሁለት ቤት የሆነችው ጉባኤ ቃና ቀልድ ትመስለው ይሆናል፤ ከስምንት ቤቱ መወድስ የደረሰው ግን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ከርሞ ነው። የላዩን የሚያደንቁ ሰዎች የታቹን በእጃቸው ይዘውት ስለሚዞሩ አያዩትም።

ኩባንያው ራሱ ይህን እንደሚያውቅ ምስክሩ ሥራው ነው። በዚያው በ2014 መጨረሻ አዲስ ማስፋፊያ ሲያወጣ፣ ተገዝቶ 90 የገባው ገጸ ባሕርይ ጥቂት ድግምት ብቻ ይዞ እንዲጀምርና ቀሪው ቀስ እያለ እንዲከፈትለት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ 120ውን ደረጃ ወደ 50 ጨፍልቆ ለአዲስ ተጫዋቾች መማሪያ የሚሆን አንዲት ደሴት ሠራላቸው። መንገዱ ትርፍ ቢሆን ኖሮ ከሸጠው በኋላ በትንሹም ቢሆን መልሶ ባልሠራው ነበር።

እንግዲህ ገዝተህ ገብተህ ግራ የተጋባህ ወዳጄ ሆይ፣ ክርክሩን ለእኛ ተወውና ይህን አድርግ። በመጀመሪያ ከግርጌ ያሉትን ቁልፎች ሁሉ አውጥተህ ጣላቸው፤ አይጠፉም፤ ድግምቶቹ ከመጽሐፍህ ውስጥ አሉ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጠህ እንደ መዝገበ ቃላት አንብብ፤ ሦስት ብቻ ምረጥ፦ አንድ የሚመታ፣ አንድ የሚያድን፣ አንድ የሚያስመልጥ። በትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ለልምምድ የቆሙ የእንጨት ሰዎች አሉ፤ አይመልሱም፣ አይሰድቡም። ከእነርሱ ጋር አንድ ምሽት ዋል። ሦስቱን ሳታይ መጫን ስትችል አራተኛውን ጨምር። እኛ ዘንድ አዲስ ገንዘብ ከፋይ መጀመሪያ ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ብር ማሰር ይማራል፤ የመጀመሪያ ቀን የውጭ ምንዛሪ መዝገብ የሚሰጠው የለም፤ አንተም ለራስህ አትስጠው።

ከማያውቁህ ሰዎች ጋር ዋሻ ለመግባት አትቸኩል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ አንዳንዶቹን ዋሻዎች ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚመራቸው አጋሮች ጋር መግባት ይቻላል፤ እነርሱ ይጠብቁሃል። ከሰው ጋር የገባህ ቀን ደግሞ ፊት ቆሞ ዱላ የሚቀበለው ታንክም ሆነ ሌላውን የሚያድነው ፈዋሽ አትሁን፤ ከሚመቱት አንዱ ሁን፤ ስትገባም «አዲስ ነኝ» ብለህ ጻፍ። ሁለት ቃል ናት። ከአራቱ አንዱ ቆም ብሎ ይጠብቅህ ይሆናል፤ ካልጠበቁህና ካባረሩህ ደግሞ እፍረቱ የእነርሱ ነው። ሌሎች የጻፉትን የቁልፍ ቅደም ተከተል ቀድተህ አታጥና፤ እርሱ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ቁልፍ ለምን እንደተቀመጠ ለገባው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሌላ ነው። የገዛኸውን ገጸ ባሕርይ አንድ ማደሪያ ቤት አስገብተህ አሳርፈው፤ የከፈልክበት ነውና የትም አይሄድም። በጎኑ ያንኑ ሙያ የያዘ ሌላ ገጸ ባሕርይ በ1ኛ ደረጃ ክፈት። የ2004ቱን መንገድ እንደ ነበረ ማየት ከፈለግህ ክላሲክ የተባለው እትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አለልህ። ኖርዝሻየር ተነሣ፤ ተኩላህን ግደል፤ ሳንቲምህን ቁጠር። ሆገር ያለው ከደኑ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ብቻህን እንዳትሄድ ብዬ ልመክርህ አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ብቻህን ሂድ።