ቁጥር ፍርድ አይደለም

የካንሰር ሕክምናውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ በደም ምርመራው የጉበት ኢንዛይሞቹ ከፍ ማለታቸውን ሲያነብ «በሽታው ተመለሰብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ድንጋጤው የሚጠበቅ ነው፤ ድምዳሜው ግን የተቻኮለ ነው።

ኤ.ኤል.ቲ. እና ኤ.ኤስ.ቲ. የተባሉት ኢንዛይሞች በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ይገኛሉ፤ ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ቁጥሩ ጉዳት መኖሩን ይጠቁማል እንጂ የጎዳውን ነገር አይነግረንም። ሜቶትሬክሴትን የመሰለ የካንሰር መድኃኒት፣ ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል፣ የጉበት ቫይረስ፣ አንዳንድ የባህል መድኃኒት፣ የካንሰሩ ወደ ጉበት መዛመትም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ኤ.ኤስ.ቲ. በጡንቻም ስለሚገኝ ከባድ የጉልበት ሥራ እንኳ ይጨምረዋል።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ንባብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሕክምናም እንዲሁ ነው። «ጤናማ» የሚባለው ወሰን በተለምዶ የሚሰመረው ከጤነኞች 95 በመቶውን እንዲያቅፍ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛም ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል። ኤ.ኤል.ቲ. በ2 ቀን ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ጉዳቱ ከቆመ ተደጋጋሚ ምርመራ መውረዱን ያሳያል።

እንግዲህ ቁጥሩን ንቆ መተውም፣ ፈርቶ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ስሕተት ነው። ታማሚው የወሰደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱን ጭምር፣ ለሐኪሙ ይንገር፤ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቅ። ሐኪሙም ቁጥሩን ሳያብራራ ወረቀቱን ብቻ ሰጥቶ አያሰናብተው።