የአንድ ቀን አፈር

ሰሞኑን ለከተማ ግብርና በተጠራ አንድ ሥልጠና ላይ፣ ትምህርቱን እንዲሰጡ የተጋበዙት ባለሙያ የዕለቱን እበት ከሰጋቱራና ከቀይ አፈር ጋር በአካፋ አገላብጠው፣ ያንኑ ድብልቅ በዚያው ሰዓት አንገቱ በተቆረጠ ጀሪካን ሞልተው የቃሪያ ችግኝ ከተከሉበት በኋላ፣ ከተሰብሳቢዎቹ አንዲት እናት ይህ አፈር ጥቂት መቆየት አይገባውም ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ድብልቁ ሁሉ የተፈጥሮ ስለሆነ ማቆየት እንደማያስፈልግ፣ ማቆየትም ጊዜ ማባከን እንደሆነ መለሱላቸው፤ አዳራሹም ይህን መልስ በጭብጨባ ተቀበለው። ያስቆጣኝ መልሱና ጭብጨባው ነው። የጠየቁት እናት ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን እውነት ይዘው መጥተው ነበር፤ መላሹ ግን በባለሙያነት ማዕርጋቸው ያን እውነት አስጥለው ስሕተት አስይዘው ወደ ቤታቸው ሰደዷቸው።

ነገሩ የእኒህ አንድ ሰው አነጋገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ጓሮ የሌለው በረንዳውን፣ በረንዳ የሌለውም የመስኮቱን ደፍ ለጎመንና ለሰላጣ ባዘጋጀበት በዚህ ጊዜ፣ የአንድ ቀን አፈር ከሥልጠና ወደ ሥልጠና፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ እንደ ቀኖና ተይዟል፤ በመንገድ ዳርም ገና ትኩሳቱ ያልወጣለት፣ እጅ ሲገባበት የሚሞቅ ድብልቅ የተፈጥሮ አፈር እየተባለ በጆንያ ሲሸጥ ይታያል። የከተማ ሰው ምግቡን ከደጁ ይልቀም የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ፤ ስለምደግፈውም ነው ጀማሪውን በመጀመሪያው እርምጃ የሚያሰናክል ትምህርት አጥብቆ የሚያስቆጣኝ።

አስቀድሜ ጊዜ ይቆጥባል የሚለውን ልያዝ። እበትና ጭድ፣ ሰጋቱራና የወጥ ቤት ልጣጭ ወደ አፈርነት እስኪለወጡ ድረስ፣ ዓይን የማያያቸው ደቂቅ ፍጥረታት ሊሠሩባቸው የሚገባ ሥራ አለ፤ ይህም ሥራ በሰው ፈቃድ የሚቀር፣ በባለሙያም ቃል የሚሰረዝ አይደለም። አይቆይ ስለተባለ ሥራው አይቀርም፤ የሚሠራበትን ቦታ ብቻ ይለውጣል። በክምር ውስጥ መፈጸም የነበረበት መጋል፣ መሽተትና መሻገት ሁሉ ከክምሩ ወጥቶ በጀሪካኑ ውስጥ፣ ገና አፈር ባልለመደው በቀጭኑ የችግኝ ሥር ዙሪያ ይፈጸማል። እንግዲህ ተቆጠበ የተባለው ጊዜ የት ነው ያለው? ሰውዬው ሊጠብቀው ያልወደደውን ተክሉ በሥሩ ይከፍለዋል፤ ተክሉ መክፈል ሲያቅተውም ደርቆ ይወድቃል፣ ባለቤቱም ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሰጋቱራን ብቻ እንመልከት። ለመብላላት የሚስማማው ክምር ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ያለው ሲሆን፣ በሰጋቱራ ውስጥ ግን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ብዙ መቶ እጅ ካርቦን አለ። ደቂቅ ፍጥረታቱ ያን ሁሉ ካርቦን ለመብላት ሲነሡ ለገዛ አካላቸው መሥሪያ ናይትሮጅን ስለሚሹ፣ በአፈሩ ውስጥ ያገኙትን ከተክሉ ሥር ቀድመው ይወስዱታል፤ ተክሉም በምግብ መካከል ተቀምጦ ይራባል። ትኩስ እበት፣ ይልቁንም የዶሮ ኩስ፣ አሞኒያውንና ጨዉን በአንድ ጊዜ ለቆ ሥሩን ያቃጥላል። ይህን ለማብረድ አመድ ጨምሩበት የሚሉም አሉ፤ አመድ ግን በትኩስ እበት ላይ ሲነሰነስ አሞኒያው ወደ አየር እንዲያመልጥ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታም፣ ለተክሉ ምግብ ሊሆን ይገባው የነበረው ናይትሮጅን ሲሄድ ነው።

እንዲህ ባለ አፈር የተተከለውን ቃሪያ ቀረብ ብሎ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ክርክር አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይታይም፤ ሥልጠናው የተመሰገነውም በዚያ ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የታችኞቹ ቅጠሎች ወደ ቢጫነት ይሄዳሉ፤ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ይኰማተራል፤ በአፈሩ ፊት ነጭ ሻጋታ ይዘረጋል፤ ጀሪካኑን ነቅነቅ ሲያደርጉትም ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ብር ብለው ይነሣሉ። ነቅለው ቢያዩት፣ ነጭ መሆን የሚገባው የሥሩ ጫፍ ጠቁሮ፣ በሁለት ጣት ሲያሹት ልጡ ተገፎ ይወጣል። ባለቤቲቱ ግን ይህን ማን ነግሯት ትነቅለዋለች? ውኃ ያነሰው መስሏት ውኃ ትጨምርበታለች፤ ውኃውም የቀረውን አየር ዘግቶ መበስበሱን ያፋጥነዋል። ችግኙ ሳይጸድቅ ሲቀር በእኔ እጅ ተክል አይጸድቅም ብላ ታዝናለች፤ ጥፋቱ ግን በእጇ የለም፣ በተማረችው ትምህርት ነው እንጂ።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ክምር ሲብላላ የሚሰጠው ሙቀት ያለ ምክንያት የተሰጠ አይደለም። ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም አንድ አንድ ሜትር ያህል የሆነ፣ በመጠኑ የራሰና አየር የሚያገኝ ክምር ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የአረምን ዘር፣ የወስፋትን ዕንቁላልና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ያጠፋል። ጀሪካን ግን ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ የአንድ ቀን አፈር የመብላላትን ጉዳት ሁሉ ተቀብሎ ንጽሕናውን ያጣል። በዚያ አፈር ላይ ከሚዘሩት አንዱ ደግሞ ሰላጣ ነው፤ ሰላጣም ጥሬውን ይበላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያልተብላላ ፍግ ሰው በሚበላው ሰብል ላይ ሲውል፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ምርቱ ከመሰብሰቡ 120 ቀን በፊት፣ የማይነካ ከሆነ 90 ቀን በፊት ከአፈር ጋር እንዲቀላቀል ያዝዛል፤ ሰላጣ ግን በሁለት ወር ገደማ ለገበታ ይደርሳል። ኦርጋኒክ የሚለውን ስም በየመድረኩ የሚያነሡት ሰዎች ስሙን ከባዕድ አገር ሲያመጡ ሕጉን እዚያው ትተውት መጥተዋል። ለልጆቻችሁ ጤና ብላችሁ አብቅሉ የተባሉት እናቶች፣ የእንስሳ አንጀት ተሕዋስያን ያሉበትን ቅጠል በንጹሕ ልብ ለልጆቻቸው እንዲያቀርቡ የሚያደርግ ትምህርት እንደ ቀላል ስሕተት የሚታለፍ አይደለም።

ትክክለኛው ሥርዓት ምስጢር የለበትም፤ የሚጠይቀውም ትዕግሥትን ነው። ዝናቡ በሚያበቃበት ወራት፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ አረሙና ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ደረቁን ጭድና ቅጠል፣ እርጥቡን ሣርና የአትክልት ልጣጭ፣ ፍጉንና ጥቂት አሮጌ አፈር እያፈራረቁ መከመር ነው። እርጥበቱን ለማወቅ ከመካከሉ አንድ ጭብጥ ወስዶ መጭመቅ ይበቃል፤ በጣቶች መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ልኩ ነው፤ ቢንጠፈጠፍ በዝቷል፤ ምንም ካልወጣ ደግሞ ተጠምቷል። በክምሩ መካከል የተተከለ ብረት ተስቦ ሲወጣ በእጅ የማያስይዝ ከሆነ ሥራው በመልካም ተጀምሯል፤ ሲበርድም እየገለበጡ ዳር የነበረውን ወደ መካከል ማስገባት ይገባል።

ቁመቱ ወደ ግማሽ ወርዶ፣ ቢገለብጡትም ዳግመኛ አልግል ሲል ብዙዎች ተፈጸመ ይላሉ። አልተፈጸመም። የመስከን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የዘመኑ አሠልጣኞች ፈጽመው የዘነጉትም ይህንኑ ነው። ግለቱን የሚወድዱት ፍጥረታት ሥራቸውን ጨርሰው ሲለቁ በለዘብተኛው ሙቀት የሚኖሩት ይተካሉ፤ የቀረውን አሞኒያ ተክል ያለ ጉዳት ወደሚመገበው ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ ሥርን የሚጐዱት አሲዶችም በዚህ ጊዜ ይበላሉ፤ ፈንገሱ የእንጨቱን ቅሬታ ያላላል፤ ትላትሎችም ማንም ሳይጠራቸው ከታች ይመጣሉ። ይህ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለት ወር ይፈልጋል፤ ክምሩም ከፀሐይና ከኃይለኛ ዝናብ ተከልሎ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይቆያል። ሲሰክን የእበት ሽታ ይጠፋል፤ በምትኩ የመጀመሪያው ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የምናሸትተው መዓዛ ይመጣል፤ በሁለቱም ዘንድ መዓዛውን የሚሠሩት በአፈር ውስጥ የሚኖሩ አንድ ወገን ተሕዋስያን ናቸውና። ከዚያ በኋላ ተነፍቶ፣ አንድ እጅ ከርሱ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅም ሸካራ አሸዋ ወይም የደቀቀ ሬድ አሽ ሆኖ ይቀላቀላል። ጥቁሩን የአዲስ አበባ ዋልካ ወደ መትከያ ማስገባት አይመከርም፤ ሲርስ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅም ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ይህም ድብልቅ ራሱ ውኃ ጠጥቶ ሁለት ሳምንት ያህል ቢያድር ይሻላል።

ይህ የድሮ ሰዎች ልማድ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እንግሊዛዊው ሰር አልበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በህንድ በኢንዶር ተቀምጦ ከአገሬው ገበሬ ተምሮ በሥርዓት የጻፈው የብስባሽ አሠራር ሦስት ወር የሚጠይቅ መሆኑን ይመልከት። በአገራችንም ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ የተመሠረተው በዝናቡ መጨረሻ ተዘጋጅቶ ለሚቀጥለው ዘር በሚደርስ ብስባሽ ላይ ነበር፤ በዚያም ማሳ የተገኘው ምርት ከኬሚካል ማዳበሪያው ጋር የሚመጣጠን፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ ተመዝግቧል። በወንጌል የተነገረለት የወይን አትክልት ጠባቂ እንኳ፣ ጌታው ያላፈራችውን በለስ ሊያስቆርጣት በተነሣ ጊዜ፣ ሥሯን ኰትኩቶ ፍግ ሊያፈስስባት የለመነው የአንድ ዓመት ጊዜ ነው።

ገበሬው እበቱን ሳያቆይ በማሳው ይበትን የለም ወይ የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ገበሬው የሚበትነው ከበረቱ ጀርባ በጋውን ሙሉ ተከምሮ የከረመውን ነው፤ በእንሰት አገርም ትኩሱ ሲጣል የሚጣለው ሥሩን በሰፊው በዘረጋ፣ ከአንዱ ቦታ ቢጐዳ ከሌላው በሚመገብ ትልቅ ተክል ዙሪያ ነው። በጀሪካን ውስጥ የታሰረ ችግኝ ወዴት ይሸሻል? የማሳውን ሕግ ወደ ጣሳ ያመጣ ሰው ማሳውንም ጣሳውንም አላወቃቸውም።

የሚያሳዝነው ደግሞ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለየው መሣሪያ በየቤታችን መኖሩ ነው። በውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች ብስባሽ መስከን አለመስከኑን የሚመረምሩበት ዘር እኛ ለሆድ ቁርጠት የምናስቀምጠው ፌጦ ነው። በአንድ ሳሕን የሚፈተነውን አፈር፣ በሌላው የታጠበ አሸዋ አድርጎ በሁለቱም ላይ እኩል ፌጦ መዝራት፣ ማርጠብና መሸፈን ነው። ፌጦ ፈጥኖ ስለሚበቅል በሳምንት ውስጥ መልሱ ይታወቃል፤ በአሸዋው ላይ ሥሩ ነጭና ረጅም ሆኖ ሳለ በአፈሩ ላይ አጭር፣ ጫፉም ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ዘሩ ጭራሽ ካልበቀለ፣ ያ አፈር አልሰከነም።

ስለዚህ የከተማ ግብርናን የሚመሩ ሁሉ ይህን እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ሥልጠናውን በሁለት ይክፈሉት፤ የመጀመሪያው ጉባኤ ክምር መከመርን ብቻ ያስተምር፣ ችግኝም በዚያ ቀን ለማንም አይታደል፤ ሁለተኛው የሚጠራው የሕዝቡ ክምር ሲሰክን ይሁን፣ ያን ጊዜም መትከልን ያስተምሩ። ጊዜ ማባከን ነው የሚሉት ባለሙያም ያን ድብልቃቸውን በሳሕን አድርገው ፌጦ ይዝሩበትና ከሳምንት በኋላ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያችው እናት ፊት ያቅርቡት። በጆንያ የሚሸጠውንም ገዢ ሁሉ እንዲሁ ፈትኖ ይግዛ፤ ፌጦ ያላበቀለውን አፈር ለሻጩ ይመልስ፣ ገንዘቡንም ይጠይቅ።