ከ104 ነጥብ ወደ 2 ነጥብ

በሆዳን ልጆች ክርክር ውስጥ ከእግር ኳስ ሌላ ፎርሙላ ዋንም አልፎ አልፎ ይነሣል። እኔም እ.ኤ.አ. የ2025ን የመኪና እሽቅድድም ከልጆቼ ጋር ሆኜ ተከታትያለሁ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን የመኪኖቹ ፍጥነት ሳይሆን የነጥቡ ሰንጠረዥ ነው፤ የልጆቻችንን ካርድ ያስታውሰኛልና።

በዚያ ዓመት 24 ውድድሮች ነበሩ። በእያንዳንዱ ውድድር አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ፣ ሁለተኛ 18 ያገኛል፤ እንዲህ እያነሰ ሄዶ አሥረኛ ለወጣ 1 ነጥብ ይሰጣል። በኦገስት መጨረሻ፣ ከ15ኛው ውድድር በኋላ፣ የማክላረኑ ኦስካር ፒያስትሪ በ309 ነጥብ ይመራ ነበር። የቡድን ጓደኛው ላንዶ ኖሪስ 275፣ የሬድ ቡሉ ማክስ ቨርስታፐን ደግሞ 205 ነበራቸው። በ104 ነጥብ ወደ ኋላ የቀረን ሰው ማን ይቆጥረዋል? እኔም አልቆጠርኩትም።

ነገሩ ግን ተገለበጠ። ሬድ ቡል ወደ ሞንዛ የመጣው የመኪናውን ወለል አሻሽሎ ነበር፤ ቨርስታፐንም ከቀሩት 9 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ። ፒያስትሪ ባኩ ላይ ገና በመጀመሪያው ዙር ተጋጭቶ ወጣ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም አንድ ውድድር አላሸነፈም። በዲሴምበር አቡ ዳቢ ላይ ሲያበቃ ኖሪስ በ423 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ ቨርስታፐን 421፣ ፒያስትሪ 410 ይዘው ጨረሱ።

ከዚህ ሁለት ነገር እማራለሁ። አንደኛው፣ በዓመቱ አጋማሽ ያለ ደረጃ የመጨረሻውን አይናገርም። የእኛው ሯጮችም ይህን አሳይተውናል። በ2024 ኤፕሪል የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ጉዳት ደርሶበት ከፓሪስ ኦሊምፒክ ሲቀር፣ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ተተክቶ ወርቁን በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አመጣ።

ሁለተኛው ለእናንተ ለተማሪዎች ነው፤ መጀመሪያ ላይ የጠፋ ነጥብ አይመለስም። ቨርስታፐን በጁን ወር ስፔን ላይ ተናዶ ከጆርጅ ራስል ጋር ተጋጨ፤ በቅጣትም ከ5ኛ ወደ 10ኛ ወረደ። 10 ነጥብ ሊያገኝ 1 ብቻ ቀረለት። ዋንጫውን ያጣው በ2 ነጥብ ነው። «በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አካክሰዋለሁ» የምትሉ ይህን አስቡ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ካርድ ሲሰጥ ብዙዎቻችን ወላጆች ዐይናችን የሚያርፈው ደረጃው ላይ ነው። «ይሄ ልጅ ትምህርት አይሆነውም» ብለን እንፈርዳለን፤ ልጁም ይሰማና ደብተሩን ይዘጋል። ሬድ ቡሎች ግን ሾፌሩን አልሰደቡም፤ መኪናው የቱ ጋ እንደሚዘገይ ፈልገው ያንን አስተካከሉ። እኛም ልጃችንን አስቀምጠን እንጠይቀው። ሒሳብ የከበደው ክፍልፋዩ ነው ወይስ ጥያቄውን አንብቦ መረዳቱ? ሕመሙ ሲታወቅ መድኃኒቱ አይጠፋም።

ሌላም አለ። እዚህ ጅቡቲ የትምህርቱ ዓመት መጨረሻ ከሙቀት ጋር ይመጣል። መንገዱ ሲግል ጎማ ቶሎ እንደሚያልቅና መኪናው እንደሚዘገይ ሁሉ፣ ከሜይ ጀምሮ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ልጅም ጠዋት ክፍል ውስጥ ይደክማል። ያን ጊዜ ውጤቱ ቢቀንስ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም፤ በጊዜ ማስተኛትና ጥናቱን ወደ ማለዳ ማዞር ከቁጣ ይልቅ ይጠቅማል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በካርዱ ላይ ከደረጃው ጎን «ካለፈው ምን ያህል ተሻሻለ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር? ደረጃ ልጆችን ያተጋል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፤ ይቅር አላልኩም። ነገር ግን ከ30ኛ ወደ 18ኛ የመጣ ልጅ 18ኛ ተብሎ ብቻ ከተጻፈበት፣ የሮጠውን መንገድ ማን ያይለታል?

መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ።